በብርጭቆ ወረቀት የፋቅነው ዘመን

ጊታሮቹ እጃችን ላይ ነበሩ። መጀመሪያ ይህን እንመን። ማንም ዘርፎ አልወሰደብንም። እሳት አልበላቸውም፤ ጎርፍ አልጠረጋቸውም። በየቤታችን፣ በየክበቡ፣ በየቴአትር ቤቱ መጋዘን ነበሩ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን ላይ፣ እግሩ ከተሰበረ ወንበር ጋር። እኛው ቀለም ቀባናቸው። እኛው ዕቃቸውን እየነቀልን ለሌላ ገጠምን። ሲሰለቸን ለቆራሌው ሰጠናቸው። ዛሬ ደግሞ በየመድረኩ «የወርቃማው ዘመን ድምፅ» እያልን እንኮራለን። የቱ ድምፅ? ከምን እንጨት፣ ከምን ሽቦ የወጣ ድምፅ? መልስ ያለው እጁን ያውጣ!

ዘመኑን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሸክላ ማሳተም ለግለሰብ በማይፈቀድበት አገር፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ክልከላውን ጥሶ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። ካይፋ ሬከርድስ ተከተለው። በ1975 ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን አወጣ። በ1976 አይቤክስ በራስ ሆቴል አዳራሽ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ቀረጸ። በ1977 ዋልያስ «ቸ በለው»ን አስከተለ። ሰላም ሥዩም በጊታር፣ ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ኃይሉ መርጊያ በኪቦርድ፤ ስሞቹን እንደ ቤተሰብ እንጠራለን። የሸክላውንም ሽፋን እናውቀዋለን። የዘፋኙ ፎቶ አለ፤ ፀጉሩ ጎፈሬ ነው፤ ፈገግታው ያምራል። ጊታሩ ምን እንደነበረ የጻፈ ሽፋን የትኛው ነው? የጣሊያን ነው? የጀርመን? የጃፓን? ወይስ ከቃኘው ጣቢያ አሜሪካዊ ወታደር የተገዛ? ማን አመጣው? ማን ሸጠው? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ገባ?

ይህ ከንቱ ጥያቄ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የክራሩን እንጨት እንጠይቃለን። የበገናውን ጅማት ከየትኛው በግ አንጀት እንደተፈተለ እንጠይቃለን፤ ደግሞም ደግ እናደርጋለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ሙዚየም ገብተን ማሲንቆና ዋሽንት በመስታወት ውስጥ አይተናል። ኤሌክትሪክ ጊታሩን ግን «የፈረንጅ ዕቃ» ብለን ናቅነው። ትዝታና አንቺሆዬ በጊታር ክር ላይ ሲጎተት የሰማ ጆሮ ይህን እንዴት ይላል? ከፋብሪካ ሲወጣ የፈረንጅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ከተጫወተ በኋላ የማን ነው?

ደግሞ የድሮ ኤሌክትሪክ ጊታር ለጠየቀው ሰው ዝም አይልም። ራሱ ላይ የተለጠፈውን ስም ግን አትመኑ፤ ከሁሉ የሚዋሸው እሱ ነው። በ1960ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች ጊታሩን ሠርተው አስመጪው ነጋዴ የፈለገውን ስም ይለጥፉለት ነበር። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ጠረጴዛ የወጣ ጊታር እዚህ አገር አንድ ስም፣ እዚያ አገር ሌላ ስም ይዟል። እውነቱ ከውስጥ ነው። የአሜሪካው ፌንደር ከሆነ፣ ክሮቹን አላልታችሁ ከጀርባ ያሉትን ብሎኖች በካቻቪቴ ስትፈቱ አንገቱ ከገላው ይላቀቃል። እዚያ፣ እንጨት ከእንጨት የሚገናኝበት፣ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ቀን አለ። በ1950ዎቹ ሠራተኛው በእርሳስ ይጽፈው ነበር፤ ኋላ በማኅተም ሆነ። ብዙ ሰው የሚመካበት ጀርባው ላይ ያለው የብረት ሳህን ቁጥር ግን በአራት ብሎን የተያዘ ነው። ከአንዱ ተፈትቶ ሌላው ላይ ይታሰራል። ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ፕላስቲኩን ሽፋን አንሱት። ድምፁን የሚጨምሩና የሚቀንሱት መቆጣጠሪያዎች ከሥሩ አሉ። የቆርቆሮ ገላቸው ላይ ደቃቅ አኃዞች ታትመዋል። አሜሪካ ሠራሽ ከሆነ 137 ሲቲኤስ የሚባለው ፋብሪካ ነው፤ 304 ስታክፖል ነው። ቀጥሎ ያለው ዓመትና ሳምንት ነው። 137 6521 የሚል ከሆነ ያ ዕቃ በ1965 በ21ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ ዕቃው ካልተለወጠ ጊታሩ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። ሊዮ ፌንደር ፋብሪካውን ለሲቢኤስ የሸጠው በዚያው ዓመት ነውና፣ ለሚያውቀው ሰው ያቺ ቁጥር ትልቅ ነገር ናት። የጀርመኑ ፍራሙስ ደግሞ ከተራ ቁጥሩ ጎን ዓመቱን ይጽፋል፤ 64 ካለ 1964 ነው፤ አጠገቡ ያለው ፊደል ወሩን ይነግራል። ከ1950ዎቹ መጨረሻ የመጣ የጊብሰን ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት የሚይዘው ዕቃ፣ ከሥሩ ትንሽ ጥቁር ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የፈጠራ መብት ማመልከቻ ገብቷል የሚል። ብየዳውም ይናገራል። ከፋብሪካ የወጣው አንድ ጊዜ ፈሶ የረጋ ነው፤ እጅ የነካው ይታወቃል። ቀለሙም ይናገራል፤ ከፕላስቲኩ ሥር ፀሐይ ያልመታው ቀለም እንደ ተወለደበት ቀን ተቀምጧል።

ይህን ሁሉ ምስክር ምን አደረግነው?

ቮልዩሙ ሲዞር ተንጫጫብን። አቧራ ነበር። ቢጸዳ ይበቃው ነበር። እኛ ግን ቆርጠን አወጣነው፤ አዲስ በየድንበት፤ አሮጌውን ከነቁጥሩ መሬት ላይ ጣልነው። ጠዋት ተጠርጎ ሄደ። ዓመቱ፣ ሳምንቱ፣ ፋብሪካው አብሮ ተጠረገ። ቀለሙ ተላላጠብን። የሠርግ ባንድ ነጭ ጊታር ይፈልጋል አልን፤ ነጭ ቀባነው። የሚቀጥለው ገዢ ጥቁር ወደደ፤ ጥቁር ቀባነው። ፒክአፑ ደከመ፤ ከሌላ ጊታር ነቅለን ገጠምን። የዚያ የሌላው ጊታር ነገርስ? እሱማ ሞተ። ከሁለት ጊታር አንድ ሠራን፤ ሁለቱንም አጠፋን።

አንድ ጥገና ቤት ጠረጴዛ ላይ ተፈትቶ ያየሁት ጊታር አለ፤ ከዓይኔ አይጠፋም። ከላይ ጥቁር ነው። ጥቁሩ በተሰነጠቀበት ቀይ ይታያል። ፒክአፑ ከተነሳበት ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ግን፣ ከቀዩም ሥር፣ ከመሀል ማር መስሎ ወደ ዳር የሚጠቁር የመጀመሪያ ቀለሙ በጥፍር ስፋት ቀርቷል። የድሮው የብሎን ቀዳዳዎች በክብሪት እንጨት ተጠቅጥቀዋል። አንገቱን ገለበጥነው። ወይን ጠጅ የማኅተም ቀለም አለ! ልባችን ዘለለ። «6» ይላል። ከ6 ቀጥሎ ያለው አኃዝ የለም። አንገቱ አልገጥም ብሎ ነበርና አንድ ሰው እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆታል። 62 ይሁን 69፣ አንድ ሰው ለአምስት ደቂቃ ወዲያና ወዲህ አሽቶ አጠፋው። ሰውየውን ብቻ አንውቀስ። ሥራውን ነው የሠራው፤ ለማታ ፕሮግራም ጊታር ማድረስ ነበረበት። ከመፋቁ በፊት «ቆይ፣ ቁጥሩን ልጻፈው» የሚል ባህል ያልፈጠርንለት እኛ ነን።

ድህነት ነው እንዳንል። የወለቀውን ዕቃ ፖስታ ውስጥ ከቶ ሣጥኑ ውስጥ ማስቀመጥ ስንት ብር ይፈጃል? ቁጥሩን በእስክሪብቶ መጻፍስ? ደርግ ነው እንዳንልም። አዎ፣ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ አነቀው። አዎ፣ ሙዚቀኞቹ ተሰደዱ፤ ዋልያስ አሜሪካ ሄዶ ገሚሱ እዚያው ቀረ፤ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ። ከዚያ አዲሱ ዓይነት ኪቦርድ መጣና አንድ ሰው ባንዱን ሁሉ ተካ፤ ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን አልጋ ሥር የገባ ዕቃ እኮ አልጠፋም! እንዲያውም ተርፎ ነበር። ያጠፋነው ከዚያ በኋላ ነው። በሰላም ቀን፣ ቤት ስንጠርግ፣ ዕድሳት ስናደርግ፣ ልጆች ስናዝናና።

የመንግሥት ቤቶቹስ? የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ የፖሊስ ኦርኬስትራ፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር፣ ሀገር ፍቅር። መንግሥት ቤት የገባ ዕቃ ያለ ወረቀት አይገባም። ማንኪያም ቢሆን ገቢ ይደረጋል፤ ዛሬ ሞዴል 19 የምንለው ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ሲወጣም ወረቀት አለው። ለእያንዳንዱ ጊታር አንዲት ብጣሽ ደረሰኝ ብትተርፍ፣ የፋብሪካው ስም፣ ተራ ቁጥሩ፣ የገባበት ቀን በአንድ መስመር ይገኝ ነበር። ግማሹን ሥራ ንብረት ክፍሉ ሠርቶልን ነበር! እኛ ምን አልን? «አሮጌ ወረቀት ነው፣ መጋዘን አጣበበ።» ጊታሩን አሮጌ ዕቃ ነው ብለን አስወገድን፤ ወረቀቱን አሮጌ ወረቀት ነው ብለን አስወገድን። ከዚያ ታሪክ የለንም ብለን እናለቅሳለን።

ሌላው ምን አደረገ? ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ላይ የገዛው የሆፍነር ቤዝ በ1972 ለንደን ውስጥ ከቆመ መኪና ተሰረቀ። በጊዜው ሠላሳ ፓውንድ አካባቢ ያወጣ ዕቃ ነው። ሰዎች ተሰባስበው ፈለጉት። የድሮ ፎቶ አጉልተው አዩ፤ ምስክር ጠየቁ፤ በመጨረሻ ከአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ወጣ። በየካቲት 2024 መገኘቱ ታወጀ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ! እሱ ነው ብለው እንዴት አረጋገጡ? አሠራሩንና እያንዳንዱን ክፍሉን ሲመዘግቡ ኖረዋላ። የኛው ጊታር ነገ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ቢወጣ በምን እናውቀዋለን? በየትኛው ፎቶ? በየትኛው ቁጥር? ፊታችን ቆሞ እናልፈዋለን። ምናልባት ትናንት አልፈነዋል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ይህ ነው፦ ሰዎቹ ነበሩ። ጊታሩ ቢጠፋ እንኳ ሰውየው ነበር። ማንም ሙዚቀኛ የመጀመሪያ ጊታሩን አይረሳም፤ ዋጋውን፣ ሻጩን፣ የክሩን ቅጥነት ሳይቀር ይነግራችኋል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ ከአውሮፓ መጥቶ አንኳኩቶ፣ ጠይቆ፣ ሸክላ ለቅሞ በ1997 «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ አልበም ማሳተም ጀመረ። እኛ በአንድ ታክሲ ርቀት ነበርን። አምሃ እሸቴ በ2021 አረፈ። ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ በዚያው ዓመት አረፈ። ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ቀድሞ በ2016 አርፎ ነበር። ለቀብራቸው በሺህ ወጣን፤ አለቀስን፤ ፎቶ ለጠፍን። በሕይወት ሳሉ ቤታቸው ሄዶ «በዚያች ቀረጻ ላይ ጊታሩ ምን ነበር? ማርካውን ያስታውሳሉ?» ያለ ስንቱ ነው? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል እየሰማን አደግን። ሰማን እንጂ አልነቃንም። መዳብ እንኳ በኪሎ ይሸጣል፤ እኛ ይህን በነጻ ሰጠነው።

የጠፋው ጠፍቷል። በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ አኃዝ አይመለስም። ግን አሁንም ቤታችሁ አሮጌ ጊታር ካለ፣ እባካችሁ አትቀቡት። አትወልውሉት። ጥገና ቤት ከወሰዳችሁት የወለቀውን ዕቃ ሁሉ፣ የዛገውን ብሎን ሳይቀር፣ ተቀበሉና ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። አንገቱ ከተፈታ ከመጠገኑ በፊት ፎቶ አንሡ፤ የመቆጣጠሪያዎቹን ጀርባ አንሡ፤ ከፕላስቲኩ ሥር ያለውን ቀለም አንሡ። የማን እንደነበረ፣ በየትኛው ባንድ እንደተጫወተ፣ ከማን እንደተገዛ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ። የተጫወተበት ሰው፣ አባታችሁም ይሁኑ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ፣ በሕይወት ካሉ ጠይቋቸው። ለበዓል አትቅጠሩት። በዚህ ሳምንት ጠይቋቸው።