የሚስቀው በሬ

ጫግኒ ውስጥ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ አንድ በሬ ይስቃል። በሬ እንዴት ይስቃል አትበሉኝ፤ ሠዓሊው ካሳቀው ይስቃል። ጥርሱ ነጭ፣ ሽፋሽፍቱ እንደ ሙሽራ የተኳለ፣ ሁለት ዓይኖቹ አላፊ አግዳሚው ላይ የተተከሉ ናቸው። በዚያ ላይ ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ሆኖ፣ ለበሬ የማይገባ ጡት ተንጠልጥሎለታል። ለነገሩ ጫግኒ ባለችበት በጓንጓ ወረዳ ውስጥ የፎገራን ከብት ከሆልስታይን ጋር ሲያዳቅል የኖረ ራንች ስላለ፣ ሠዓሊው ዝርያውን ከየት እንዳመጣው መገመት አይከብድም፤ ጾታውን ግን ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቅ።

ለምን እንዳሳቀው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የሚያዝን በሬ ብሥል ማን ገብቶ ቁርጥ ያዛል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። በሬ መብላታችንን አልነቀፍኩም፤ እኔም እበላለሁ። ትንሽ የከነከነኝ፣ እንግዳ የመጥራቱን ሥራ ለራሱ ለበሬው መስጠታችን ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይቆለፋል፤ በሬው ግን በተዘጋው በር ላይ መሳቁን ይቀጥላል፤ በዓመት ውስጥ ሳቁ ከልቡ የሚመስለው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የዓይን ነገር ከተነሳ፣ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ሕግ ነበራቸው፦ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉ ደግሞ በጎን ይሣልና አንድ ዓይን ብቻ ይደርሰዋል። የዓድዋ ሥዕሎች ላይ የእኛ ሰዎች ባለ ሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ ባለ አንድ ዓይን የሆኑት ለዚህ ነው። ታዲያ ፈረሱስ? ቅዱስ ጊዮርጊስን ያህል ጻድቅ ተሸክሞ፣ ደንገላሳ እየረገጠ፣ ደራጎኑን ከሥሩ አስገብቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ እሱም በጎን ይሣላል፤ አንድ ዓይን። የፈረስ ፊት ከፊት ለፊት ለመሣል አስቸጋሪ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ከጣሊያኖቹ ጋር እኩል መመደቡ ያሳዝናል።

ዓድዋ የዋለው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዓሉን የሚያከብረው ጥር 23፣ በዚያው በጊዮርጊስ ቀን ነው። ያን ዕለት በዓሉ የሚከበርባትን እንጅባራን ያየ ሰው ፈረስ ምን ያህል ሊከበር እንደሚችል ያውቃል፤ ባለ ግላሱ፣ በአንገቱና በግንባሩ ጌጥ የሚብለጨለጨው፣ ከጌታው ይልቅ አምሮ የለበሰው ፈረስ ሜዳውን ይሞላዋል። ፎቶ የሚነሳውም ያን ቀን ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ፎቶ አንሺዎች የሚመርጧት ቅጽበት ነች። ፈረሱ ተረጋግቶ ሲቆም ማንም ካሜራ አያነሳም፤ ይልቁንም «ሳበው! ሳበው!» የሚል ጩኸት ይሰማል፣ ጋላቢው ልጓሙን ይስባል፣ ፈረሱ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ የፊት እግሮቹን ያነሳል፣ ቀጭ! በኋላ ፎቶውን ስናይ «አቤት ወኔ!» እንላለን። ወኔው የፈረሱ ይሁን የብረቱ፣ አፉ ውስጥ ያለው ያውቃል።

ሆሊውድማ ከዚህ የባሰ ሠርቷል። በ1939 እ.ኤ.አ. ለወጣው «ጄሲ ጄምስ» ለተባለው ፊልም ሲባል ፈረስ ከገደል ወደ ውሃ ተወርውሮ ሞተ፤ ሕዝቡ ጮኸና በዓመቱ የአሜሪካ የእንስሳት ተቆርቋሪ ማኅበር ፊልም ቀረጻ ላይ እየተገኘ መቆጣጠር ጀመረ። በእኛ አቆጣጠር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ጊዜ ጋር ይገጥማል፤ እዚያ ፈረስን ከፊልም ሠሪዎቹ የሚጠብቅ ማኅበር፣ እዚህ ፈረስን የሚያከብር ማኅበር።

ጫግኒ ግን ከእንጅባራ ብርድ ወረድ ያለች፣ ወደ ቆላው የምታዘነብል ከተማ ናት፤ የገበያ ቀን መንገዱን የሚሞላው አህያ ነው። በርበሬውን፣ እህሉን፣ ማገዶውን ያመጣል፤ ጀርባው ተልጦ ይመለሳል። ሥዕል ላይ ፈልጉት እስቲ። አንበሳው ሳንቲማችን ላይ ያገሣል፣ በሬው ባለ 1 ሳንቲሙ ጀርባ ላይ ተጠምዶ ያርሳል፣ አህያ ግን የክብር ሥዕል ያለው ሆሣዕና ላይ ነው፣ እሱም ከነውርንጫው። የሚጋልቡት ይሣላል፣ የሚጭኑት ይረሳል። ደግነቱ፣ የማይሥለው ሰው «ሳበው!» ብሎ አይጮህበትም፤ ለመምታት ሥዕል አያስፈልገውም እንጂ።

በቀደም ፖስተር የሚሸጥ ልጅ አጥር ላይ ከሰቀላቸው መካከል ያ አፉን የከፈተ ፈረስ ነበረበት። አንድ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ቆሙና፣ በትራቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው፣ ከጌጡ ጀምረው እስከ ኮቴው መረመሩት።

«ልጄ፣ ይሄ ጋላቢ እጁ ከባድ ነው» አሉ። «አፉን አቁስሎታል። እኔ ብሆን ፈረሴን አላውሰውም።»

«አባባ፣ ፎቶ እኮ ነው።»

«ፎቶ መሆኑንማ አየሁ። ስንት ነው?»

ልጁ ዋጋ ጠራ፤ ሽማግሌው የተቀደደ ጠርዝ አሳይተው ግማሹን ቀነሱ፣ ትንሽ ተከራከሩ፣ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ሄዱ።