ድምፅ ከሚከብደው ልጅ ጋር ወደ ነገሌ ቦረና

ጥር ነው፤ ቆላው ደርቋል። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዘን ነገሌ ቦረና የገባነው ሲመሻሽ ነው። ክብረ መንግሥትን ካለፍን በኋላ የደጋው ልምላሜ እየሳሳ ሄዶ አፈሩ ቀይ፣ ዛፉ ግራር ሆነ። የመጣነው ለዘመድ ሠርግ ነው፤ እኔ፣ እህቴና የ8 ዓመት ልጇ። ልጁ ኦቲዝም አለበት፤ የመኪና ጥሩምባ ድንገት ሲጮህበት ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈቱ ወዲህ እንዲህ ያለውን ነገር ቅብጠት ነው ማለት የተዉ ወላጆች አሉ፤ እህቴም አንዷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ በወተት ጠጥተን በ50 ብር ባጃጅ ይዘን ወደ ሠርጉ ግቢ ሄድን። እንግዳ ሳይመጣ ልጁ ቦታውን እንዲያየው ብላ ነው እህቴ። ድንኳኑ ተተክሏል። ልጁ የድምፅ ማጉያውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ሽቦውን ተከትሎ ጄኔሬተሩ ጋ ደረሰ። የድምፅ ባለሙያው ወጣት ሙዚቃውን በጣም ዝቅ አድርጎ ከፈተና «ና፣ አንተ ጨምረው» አለው። በጣቱ ጥቂት ጨመረ፣ መለሰ፣ እንደገና ጨመረ። በገላጣ ቦታ ከማጉያው ያለን ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፁ 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ወንበራችንን ከአጥሩ ጥግ፣ ከበሩ አጠገብ አደረግን።

ማታ ጎረምሶቹ ተደርድረው እያጨበጨቡ መዝለል ሲጀምሩ ልጁ የጆሮ መሸፈኛውን አድርጎ እግራቸውን ብቻ ያይ ነበር። ሲበዛበት የእናቱን እጅ ይነካል፤ እሷም ምንም ሳትጠይቀው ይዛው ትወጣለች፤ መመለስ ሲፈልግ ይመለሳሉ። ወደ መጨረሻው ላይ እሱም በእግሩ መሬቱን መምታት ጀመረ።

ከሠርጉ በኋላ በአሬሮ በኩል ወደ ያቤሎ ሄድን። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ። ያቤሎ አድረን ወደ ሜጋ በሚወስደው አስፋልት ዱብሉቅ ደረስን፤ ቦረናዎች ቱላ ከሚሏቸው 9 የጥልቅ ውሃ ጉድጓድ ሥፍራዎች አንዱ እዚህ ነው። ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲውን እየዘፈኑ እጅ በእጅ ያቀባብላሉ፤ ውሃው ገንዳው ውስጥ ይገለበጣል፣ ከብቱ ተራውን ይጠብቃል። ዘፈኑ ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር እየተጋጨ ከፍ ብሎ ይሰማል።

መጀመሪያ ራቅ ብለን ግራር ሥር ተቀመጥን። ልጁ ራሱ ተነሥቶ ጥቂት ቀረበ፣ ቆመ፣ ደግሞ ቀረበ፤ እኛም ከኋላው። አፋፉ ላይ ሲደርስ አንዱን የጆሮ መሸፈኛ ከፈት አደረገው። ባልዲው ሲመጣ ድምፁም እንደሚመጣ ያያል፤ ዘፈኑ ከየት እንደሚነሣና መቼ እንደሚደገም ስለገባው አላስደነገጠውም። «አባቴ፣ ምን እያላችሁ ነው?» ብዬ አንድ ሽማግሌ ጠየቅሁ፤ ከብቶቻቸውን እያወደሱ መሆናቸውን አንድ ወጣት አስተረጎመልኝ። ግጥሙን ግን ኦሮምኛ ስለማልችል አልተረዳሁትም።

ምሳ ሩዝ በፍየል ሥጋ በላን። ልጁ ማንኪያውን እያቀበለን የጉድጓዱን ዜማ ያንጎራጉር ነበር። ለሠርግ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎች ከማጉያው የራቀ፣ ለበሩ የቀረበ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢያስቀሩ፣ ጠዋት ላይም ልጆች መጥተው ዕቃውን እንዲያዩ ቢፈቅዱ፣ ዛሬ ቤት የሚቀሩ ብዙ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ይታደሙ ነበር።