ንጉሥ ኤድዋርድ ዘአዳማ

ሰባተኛ ክፍል ሳለን በደብተራችን ጀርባ መንግሥት እንሥል ነበር። በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከኤድዋርድ አንደኛ እስከ ኤድዋርድ ስድስተኛ የነገሡ ነገሥታት... በዚያ በአዳማ ሙቀት!

ለካ ፈረንጆቹም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ፕሬስተር ጆን የሚሉት ቄስ-ንጉሥ ፈጥረዋል፤ መጀመሪያ በእስያ፣ ኋላ እኛ አገር አነገሡት። የፖርቱጋል መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1520 አፄ ልብነ ድንግልን በአካል አገኙ። አብሯቸው የነበረው የአልቫሬዝ መጽሐፍ ግን በ1540 የታተመው "የፕሬስተር ጆን አገር" ተብሎ ነው። ኦርቴሊዩስም በ1573 በዚያው ስም ካርታችንን ሣለ።

እናላችሁ፣ እነሱ ተረታቸውን በእኛ ምድር ላይ ሣሉ። እኛ ደግሞ አዋሽን፣ የቦሰትን ተራራ፣ በትውፊት ታቦተ ጽዮን የተሸሸገችበትን የዝዋይን ቱሉ ጉዶ ደሴት ትተን የእነሱን በረዶ ሣልን። ያ ደብተር ዛሬ ቢገኝ፣ ከአዋሽ እንጀምር ነበር።