የሺንሺቾ ተማሪ አሳብ

ከከምባታ ከተሞች አንዲቱ ወደ ሆነችው ወደ ሺንሺቾ በደረስን ጊዜ፥ ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በእንሰቱ ጥላ ወደየቤታቸው ሲመለሱ አየን። ከእነርሱም አንዱን ስለ ኑሮው ብንጠይቀው፥ ማታ ከብት አስገብቶ ውሃም ቀድቶ እንደሚያጠና ነገረን፤ ነገር ግን መጽሐፉን በገለጠ ቍጥር ደቡብ አፍሪካ ስላለው ወንድሙ ያስባል። «ልከተለው ወይስ ልማር?» ይላል። በዚያ መንገድ ከከምባታና ከሐድያ ብዙ ወጣት ሄዷል። በ2012 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያውያን ናቸው የተባሉ 64 ስደተኞች በሞዛምቢክ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ።

የሺንሺቾ እናት እንሰቷን ተክላ ዓመታት ትጠብቃለች፤ ሳይደርስ አትፍቀውም፤ ፍቃም በጉድጓድ ቀብራ እስኪብላላ ትታገሣለች። ወላጆች ሆይ፤ ለእንሰት የተሰጠው ትዕግሥት ለልጅም አይነፈግ።