«ልብላ ወይስ ልተው?»፦ በወንዛዬ የተማርሁት



አገልጋይ ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ሳያውቅ የመለሰው አንድ ጥያቄ አይጠፋውም። እኔም አለኝ። የጠየቁኝ አክስቴ ናቸው፤ የጠየቁኝም በወንዛዬ ነው። መልሴ ግን በዓይኔ ፊት ጣላቸው።

አክስቴ ረጅም ዘመን በባዕድ ሀገር ኖረዋል። ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር ሕመምና የጉልበት ቁርጥማት ተደራርበውባቸው በዚያው የጨጓራ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሐኪሞቹ የጨጓራውን ላይኛ ክፍል ከቀሪው ለይተው እንደ ትንሽ እንቁላል ያለ ከረጢት አደረጉት፤ ከረጢቱንም በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኙት። በአንድ ዓመት ውስጥ ክብደታቸው እጅግ ቀነሰ፤ ስኳሩም ረገበ። ጉልበታቸው ግን ገና ያማቸው ነበርና በጥቅምት መጨረሻ ወደ ሀገር ቤት ሲመጡ የልጅነታቸውን ፍል ውኃ ናፈቁ። እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው ወጣሁ። ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ሐሙሲት ደርሰን ወደ ወንዛዬ ታጠፍን።

ወንዛዬን ለማታውቁ፣ በደራ ወረዳ፣ ወደ ጣና በሚፈስሰው በጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለ ፍል ውኃ ነው። ሕመምተኛው ስንቁን ይዞ መጥቶ ለቀናት ይሰነብታል። አብረው የሚታጠቡ ሰዎች በሦስተኛው ቀን ዘመድ ይሆናሉ፤ የአንዱ ስንቅ የሁሉ ነው።

ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ አንዲት እናት ከቤታቸው ድፎ ዳቦና ብርዝ አስመጡ። ከታጣቢዎቹ መካከል የነበሩ አንድ ቄስ ባረኩት፤ ማደሉ የእኔ ድርሻ ሆነ። አክስቴ ዘንድ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ዲያቆኔ፣ ልብላ ወይስ ልተው? ከዳቦና ከጣፋጭ ተጠንቀቂ ተብያለሁ» አሉኝ።

እኔም ለአፍታ እንኳ ሳላስብ፣ «እትዬ፣ የመልአኩ ዝክር እኮ ነው፤ በረከት ሰውን አይጎዳም፤ ይብሉ» አልሁ። ወፍራም ቁራሽ ሰጠኋቸው፤ ብርዙንም በብርጭቆ ሞልቼ አቀረብሁላቸው። አምነውኝ በባዶ ሆዳቸው በሉ፤ ጠጡም።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላብ አጠመቃቸው። ልባቸው ይደልቅ ጀመር፤ ሆዳቸው ተቆረጠ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። አንዱ «ዓይን ነው» አለ፤ ሌላው «የያዛቸው አለ፣ ጠበል አምጡ» ብሎ ጮኸ። አንባቢ ሆይ፣ አልዋሽህም፤ እኔም ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። አክስቴ ግን እጃቸውን አንሥተው በደከመ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ስኳሩ ነው። አጋድሙኝ ብቻ» አሉ። አጋደምናቸው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሡ። ነገሩን ያወቀችው ሕመምተኛዋ ነበረች፤ ያላወቀው መልስ የሰጠው ዲያቆን ነበር።

ስንመለስ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አብሮኝ ለሚያገለግል የሕክምና ተማሪ ነገርሁት። እንዲህ ሲል አስረዳኝ። በጨጓራ መውጫ ላይ እንደ በር ጠባቂ ያለ ጡንቻ አለ፤ የተበላውን ጥቂት በጥቂት ወደ አንጀት ያሳልፋል። እንደ አክስቴ ያለ ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ምግብ በዚያ በር አያልፍም። ስለዚህ ስኳርና የላመ ዱቄት በአንድ ጊዜ ወደ አንጀት ይገባል፤ ከደም ውኃ ይስባል፤ ልብ ይመታል፤ ላብ ይወርዳል። አንዳንዴም ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ ሰውነት ኢንሱሊንን ከልክ በላይ ስለሚያፈስስ የደም ስኳር ይወርድና ሌላ ድካም ይከተላል። እንግዲህ ዳቦው አልበደለም። በባዶ ሆድ፣ ከልኩ በላይ፣ በብርዝ አስከትሎ ያቀረበው እጄ በደለ።

ስሕተቴ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። አክስቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል የተባለ ሁሉ ፈሩ። እንቁላልና አይብ ብቻ ሆነ ምግባቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት ገባ። አንዱ በር በቀኖና፣ ሌላው በፍርሃት ተዘጋባቸው። «እንግዲያስ ውኃ እየጠጣሁ ልጹመዋ» አሉ።

የእኛን ማዕድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እንጀራ ለእኛ ሳሕንም ማንኪያም ምግብም ነው። እርሱን የተወ ሰው መሶቡንም ይተዋል። ጉርሻ ሲዘረጋ እጅ መመለስ ፍቅርን መመለስ ይመስላል፤ ለዚያች ትንሽ ከረጢት ግን አንድ የወግ ጉርሻ ሙሉ ራት ነው። አክስቴ በጓዳ ለብቻቸው መብላት ጀመሩ። አንድ ማታ፣ «በስደት ስኖር ለብቻዬ እየበላሁ አገሬን እመኝ ነበር፤ አገሬም ገብቼ ለብቻዬ ሆንሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። ጥያቄው የካርቦሃይድሬት ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚህኛው ጊዜ አልመለስሁም፤ ወደ ንስሐ አባታቸው አብረን ሄድን። አባታችን በመጀመሪያ የጠየቁት «ሐኪምዎ ምን አሉ?» የሚል ነበር። ወደ ባሕር ማዶ ተደወለ፤ ምክሩም ግልጽ ሆኖ መጣ። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። በማዕድ ላይ ፕሮቲን ይቅደም፤ አትክልት ይከተል፤ እህል በመጨረሻ ጥቂት ይሁን፤ ስኳር ይቅር። በደንብ ይላመጥ፤ ከምግብ ጋር አይጠጣ። የታዘዙት ቫይታሚኖችና ማዕድናት ዕድሜ ልክ አይቋረጡ። እህልን ፈጽሞ ማስወገድ ግን ማንም አላዘዘም ነበር።

አባታችንም ጾምን የሚያዝዘው የሐዋርያት ቀኖና ራሱ የታመመውን ነጻ እንደሚያደርግ፣ ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲናገር ሕሙማንን እንዳልዘነጋ አስረዷቸው። «አቅምዎ በጾም ምግብ ከቆመ ይጹሙ፤ ከደከሙ ግን እንቁላሉንና ወተቱን ይውሰዱ፤ የፈቀድሁት እኔ ነኝ» አሏቸው። አክስቴ አለቀሱ፤ በስደት ሀገር ካቆዩአቸው ነገሮች አንዱ ጾም ነበርና።

እናቴ ሥራ አገኘች። እልበት መታች፤ ምስር ክክ አላመች፤ ለቀናት ተዘፍዝፎ ምሬቱ የወጣለትን የጎጃም ግብጦ አቀረበች። አክስቴ ይህን በማንኪያ ቀድመው ይበላሉ፤ ጎመን ያስከትላሉ፤ በመጨረሻም የመዳፍ ያህል የጤፍ እንጀራ ከመሶቡ ይቆርሳሉ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ደከሙ። በአባታቸው ቃል እንቁላል ቀረበላቸው። ሲበሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እናቴ ምንም ሳትናገር ዱካቸውን አንሥታ ወደ መሶቡ መለሰችው።

እናንተ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የምታገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሕመምተኛ ስለ ምግብ ሲጠይቃችሁ ከእናንተ በፊት የሚጠየቁ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሐኪሙና የንስሐ አባቱ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ እንኳ ስለ ጢሞቴዎስ ሆድ ሕመም በደብዳቤው መምከርን አልናቀም፤ ጹምና ዝም በል አላለውም። እናንተ ዝክር የምታወጡ እናቶች፣ «በሞቴ» ማለትን ለጤነኛው አቆዩለት፤ ለታመመው ልኩን ጠይቁት። እናንተም እንዲህ ያለ ሕክምና የተደረገላችሁ፣ አታፍሩ። በጠበል ቦታ ብትገኙ አንዱን ጣሳ በአንድ ትንፋሽ አትጨልጡ፤ ጥቂት በጥቂት ተጎንጩ። መብላትን ብትፈሩም፣ መብላት ቢያሳፍራችሁም ብቻችሁን አትወስኑ።

አክስቴ ከልደት በዓል በኋላ ተመልሰው ሄዱ። ዛሬም ስንደዋወል በመጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለ ማዕዳቸው ነው። እኔም ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር በወንዛዬ ልላቸው ይገባኝ የነበረውን አስባለሁ፦ «እትዬ፣ ከዚህ የጥፍር ያህል ቀምሰው ሌላውን ለእኔ ይስጡኝ፤ በረከቱ በዚያችም ውስጥ ሙሉ ነው።»