«እርግዝና ነው» እየተባልኩ ደሜ አለቀ

በረዶ መቆርጠም የጀመርኩት እርግዝናዬ አምስት ወር ሲሞላው ነው። ሌሊት እነሣና ፍሪዘሩን ከፍቼ፣ በረዶውን በኩባያ ሞልቼ ወጥ ቤት ቁጭ እላለሁ። ባለቤቴ ቁርጥምጥሙን ሲሰማ ከመኝታ ቤት ይጣራል፦ «የሰው ሚስት ቅቅል ያምራታል፣ አንቺን በለንደን ብርድ በረዶ!» እናቴ ከደብረ ማርቆስ በስልክ ሰምታ ሳቀች። «እኔ ደግሞ አንቺን ሳረግዝ የምርጊት ጭቃ ነበር የሚያምረኝ፤ ተይው፣ አምሮት ነው» አለችኝ። እኛም ተውነው። ደም ያነሳት ነፍሰ ጡር በረዶ፣ አፈር ወይም ጠመኔ ሊያምራት እንደሚችል ያኔ የነገረን አልነበረም።

ድካሙ ግን በየቀኑ ባሰ። ሥራዬ ሰሜን ለንደን ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ ማጠብ፣ ማልበስና መመገብ ነው። 29 ቁጥር አውቶቡስ ስሳፈር ፎቁ ላይ ወጥቼ መስኮት ዳር መቀመጥ እወድ ነበር፤ ከእርግዝናዬ አጋማሽ በኋላ ያቺ ጠባብ ደረጃ አቃተችኝ። ገና ሳልጨርሳት ልቤ ይደልቃል፣ ጆሮዬ ይጮኻል። ማታ እግሬን አላስተኛ ይለኛል፣ ጠዋት ፀጉሬ በማበጠሪያው ተነቅሎ ይመጣል። ለማንም ብናገር መልሱ አንድ ነው፦ «እርግዝና ነው።» የሥራ ባልደረቦቼ «ሁለተኛ ልጅ እኮ ነው፣ ደግሞ የመጀመሪያው ገና አላደገልሽም» ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን እናቶች «ወንድ ነው መሰለኝ፣ ወንድ ያደክማል» ይሉኛል። ንስሐ አባቴ «አንቺ ዘንድሮ ብዪ» ብለው ከዐቢይ ጾም አውጥተውኝ ስለነበር ከምግቡም ጎደለብኝ የምለው ነገር አልነበረም።

መጀመሪያ የደረሱልኝ የምንከባከባቸው አሮጊት ናቸው፤ ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ በወጣትነታቸው ነርስ የነበሩ እንግሊዛዊት። አንድ ጠዋት ካልሲ ላደርግላቸው ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ዓይኔ ጨለመና ግድግዳውን ያዝኩ። ከወንበራቸው ተነሥተው «ተቀመጪ» አሉኝ። በሚንቀጠቀጥ አውራ ጣታቸው የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርገው ውስጡን አዩ፤ መዳፌንም ገልብጠው አዩ። ከዚያ ስልኬን እንዳወጣ አዘዙኝ። «አሁኑኑ ደውዪ። እዚሁ ፊቴ ደውዪ።»

እርግዝናዬን ወደምከታተልበት ክሊኒክ ስደውል ለካ የደም ምርመራዬ ውጤት ኮምፒውተር ላይ ሰንብቷል። ብሪታንያ ውስጥ ነፍሰ ጡር በመጀመሪያው ቀጠሮዋና በ28ኛው ሳምንት ደሟ ይመረመራል። በመጀመሪያው ምርመራ ሄሞግሎቢኔ 112 ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ደም ማነስ የሚባለው ከ110 በታች ሲሆን ነውና ማንም ምንም አላለኝም። በ28ኛው ሳምንት 82 ወርዷል፤ በዚያ ጊዜ ወሰኑ 105 ነው። የአይረን ክምችትን የሚያሳየው ፌሪቲን ደግሞ ከ30 በታች ከሆነ እጥረት ይባላል፤ የእኔ 6 ነበር። ይህ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጦ ሳለ የደወለልኝ ሰው የለም።

ታናሽ እህቴ አገር ቤት ነርስ ናት። «82 አሉኝ» ስላት «እንዴ እትዬ፣ ሰማንያ ሁለት?» ብላ ግራ ገባት። ወዲያው ተረዳችው፤ እነሱ በዴሲ ሊትር፣ እዚህ በሊትር ስለሚለካ የእነሱ 8.2 የእኛ 82 ነው። «8.2? በዚህ ደም ነው ሰው ደግፈሽ የምታነሺው?» አለችኝ፤ ድምፅዋ ተለወጠ።

ነገሩን ያስረዳችኝም እሷ ናት። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም መጠን ወደ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ለዚያ ደም፣ ለልጁና ለእንግዴ ልጁ በዘጠኙ ወር ውስጥ በጠቅላላው 1 ግራም ያህል አይረን ያስፈልጋል። ልጁ ድርሻውን ከእናቱ ክምችት ይወስዳል፣ ጉድለቱ እሷ ላይ ይቀራል። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ልጄ የወጣውን ሳልተካ ነው ሁለተኛውን ያረገዝኩት።

ሐኪሙ 200 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት አዘዘልኝ፤ በአንዱ ክኒን ውስጥ ያለው ንጹሕ አይረን 65 ሚሊ ግራም ነው። እዚህ አገር ለነፍሰ ጡር መድኃኒት በነፃ ስለሆነ ከፋርማሲው ይዤ ወጣሁ። ወረቀቱ ላይ «በቀን አንድ» ይላል፣ ሌላ ማብራሪያ የሰጠኝ የለም። ሆዴ ደረቀ፣ ሰገራዬ ጠቆረ፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ፤ ቢሆንም አንድም ቀን አላስታጎልኩም። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ሲለካ 84።

«በምንድን ነው የምትውጪው?» አለችኝ እህቴ። ነገርኳት፤ ጠዋት ከቁርሴ ጋር፣ በወተት ሻይ፣ ከዚያ ለቃሬ የሚሰጠኝን ሽሮፕ። «በቃ፣ አይረኑ ሳይገባሽ ነው የሚያልፈው» አለች። ሻይና ቡና፣ ወተትና የቃር መድኃኒት አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ይከለክላሉ። «ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በብርቱካን ጭማቂ። ቁርስ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ቡናሽን ለከሰዓት አቆዪው፤ የቃሩን ሽሮፕ ለማታ።» ሁለት ልዋጥ ወይ ብላት ከለከለችኝ፤ ሰውነት አንድ ክኒን ካገኘ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል የሚቀበለውን መጠን ይቀንሳል፣ ትርፉ የሆድ ሕመም ብቻ ነው።

ወሬው ሲሰማ ቤቴ በምግብ ተሞላ። አንዷ ቀይ ሥር ጨምቃ መጣች፤ ቀለሙ ቀይ ይሁን እንጂ ያለው አይረን ጥቂት ነው። ሌላዋ ዱለት ሠርታ አመጣች። እርግዝናዬን የምትከታተለው ሚድዋይፍ (አዋላጅ) ጉበት እንዳለበት ስትሰማ እጇን አወናጨፈች፤ ጉበት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ብዛት ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል እዚህ ነፍሰ ጡር ጉበት አትብላ ነው የሚባለው። ጥሬ ሥጋም እንደዚሁ ክልክል ነው። «ጤፍ የበላ ደም አያንሰውም» ያሉኝም አሉ። ጤፍ አይረን አለው፤ ግን ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የሚቀላቀል ነው፣ ሰውነት የሚጠቀምበትም ጥቂቱን ነው። በደንብ የበሰለ ቀይ ሥጋ፣ ምስርና ጎመን ከሎሚ ጋር ብዪ ተባልኩ። 82 ላይ ለደረሰ ሰው ግን ምግብ ብቻውን እንደማይበቃ አስረግጠው ነገሩኝ።

34ኛው ሳምንት ገባ። ክኒኑን በትክክል መዋጥ ብጀምርም ለመውለድ የቀረው ጊዜ አጭር ስለሆነ አይረኑ በደም ስሬ እንዲሰጠኝ ተወሰነ። ይህ ሕክምና በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም፤ አልፎ አልፎም ከባድ አለርጂ ሊያስነሣ ስለሚችል ከጨረሱ በኋላ 30 ደቂቃ እያዩ ያቆዩሻል። ከረጢቱ ሲሰቀል ቀና ብዬ አየሁት፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ቶና ቡና ይመስላል። ያን ያህል የተከለከልኩት ቡና በእጄ እየገባ መሰለኝና ሳቄ መጣ። 1 ግራም አይረን በ15 ደቂቃ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት በረዶው አስጠላኝ። ልወልድ ስገባ 106 ደርሼ ነበር።

ምጡ ቀና ብሎልኝ ልጄ በሰላም ወጣ። እንግዴ ልጁም ወጣ። ከዚያ ማህፀኔ አልሰበሰብ አለ። ከሥሬ ሞቅ ያለ ነገር ሲወርድ ይሰማኛል፣ ማን ምን እንደሚል ግን አይገባኝም። ሚድዋይፏ በአንድ እጇ ሆዴን እየተጫነች በሌላው ግድግዳው ላይ ያለውን መጥሪያ መታችው፤ ክፍሉ ወዲያው በሰው ሞላ። አንዱ መርፌ ይወጋኛል፣ ሌላው የፈሰሰውን በጨርቅ እየሰበሰበ ይመዝናል። ባለቤቴ ጥግ ላይ ልጁን ታቅፎ «ማርያም፣ ማርያም» ይላል። ከወሊድ በኋላ ግማሽ ሊትር ከፈሰሰ ደም መፍሰስ ይባላል፣ እኔን የፈሰሰኝ 1.3 ሊትር ነው።

በማግስቱ ስለካ 76። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ቆማ ቁጥሮቹን አየችና «በ82 ሆነሽ ገብተሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ንግግር አሁን አንነጋገርም ነበር፤ ደም እየተሰጠሽ ነበር የምታድሪው፣ ያውም ደህና ከሆነ» አለችኝ። ለእናቴ ይህን አልነገርኳትም። ለእህቴ ግን ነገርኳት፤ ስልኩን ይዛ ረጅም ጊዜ አለቀሰች።

በኋላ ቁጭ ብለን ሁለቱን አገር አወዳደርን። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሁሉ በየቀኑ ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር እንድትወስድ ይመክራል፤ ኢትዮጵያም ለሁሉም ትሰጣለች። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ክኒኑን 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ወላዶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ብሪታንያ ለሁሉም አትሰጥም፣ መርምራ ላነሳት ነው የምትሰጠው፤ ያ የሚሠራው ውጤቱ ለነፍሰ ጡሯ ለራሷ ሲደርስ ነው። እዚያ ክኒኑ ደርሶ ሳይዋጥ ይቀራል፤ እዚህ ውጤቱ ተጽፎ ሳይነገር ይቀራል። በሁለቱም መሐል ያለችው «እርግዝና ነው» እየተባለች የምትሸኝ ሴት ናት።

ስለዚህ ለምታነብ እርጉዝ እህቴ የምላት ይህ ነው። ደም ሲቀዳልሽ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ ጠይቂ፤ ካልደወሉልሽ አንቺ ደውዪ። ቁጥርሽን እወቂ፣ ፌሪቲንሽንም አስለኪ። እንግሊዝኛው ካስቸገረሽ አስተርጓሚ ይቅረብልኝ በዪ፣ ክፍያ የለውም። ክኒኑ ሆድሽን ካመመሽ በሌላ ዓይነት ይቀየርልሻልና ተናገሪ። ትልቁ ልጅሽ በማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው፤ አይረን ለሕፃን መርዝ ነው። ድካሙ እውነትም የእርግዝና ሊሆን ይችላል። ያን የሚለየው ግን የደም ምርመራ ነው፤ ባልም ጎረቤትም እናትም አይደሉም።