በረኛ ማን ይሁን?

ደብረ ኤልያስ ውስጥ ኳስ ተጫውቶ ያደገ ሰው ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ቡድን ተከፍሎ፣ ለጎል የሚሆኑት ድንጋዮች ተቀምጠው፣ ልክ ጨዋታው ሊጀመር ሲል አንዱ ይጮሃል፦ «በረኛ ማን ይሁን?» ከዚያ ዝምታ ነው። አንዱ ጫማውን ያስራል፣ ሌላው ወደ ሰማይ ያያል። ዕጣው የሚወድቀው ግን ያው ነው፤ በዕድሜ ትንሹ ላይ፣ ወይ ሩጫ የማይሆንለት ላይ፣ ወይ ደግሞ የኳሱ ባለቤት ያኮረፈው ልጅ ላይ።

እኔ ሩጫ የማይሆንለት ነበርኩ። አራት ዓመት በር ላይ ቆምኩ። በአራቱም ዓመት ስለ በረኝነት የተነገረኝ ትምህርት ሁለት ነው። ኳሷ ስትመጣ «ያዝ!»፣ ከገባች በኋላ «ምን ሆነህ ነው!»። አጥቂዎቹን ቢያንስ ታላላቆቻችን «በውጭ እግርህ ምታት፣ ቀና በል» ይሏቸው ነበር። በረኛን ግን የሚያስተምር የለም። በረኛ ይሰደባል እንጂ አይሰለጥንም።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው ነገሩ የእኛ ሜዳ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠሙ። ዲሽ ያለው ቤት ጢም ብሎ ሞልቷል። በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከጎሉ ወጥቶ ኳስ ሊያድን ሲል ተጋጣሚውን መታና ቀይ ካርድ አየ። ቤቱ ውስጥ የተወረወረውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

ሳያሟሙቅ የገባው ዘሪሁን ታደለ ነበር። አጋማሹ ከማለቁ በፊት አንድ ጎል ገባበት። ስድቡ እንደገና ተነሳ። ከዚያስ? በሁለተኛው አጋማሽ፣ በአሥር ሰው፣ ሻምፒዮኖቹን ይዞ አንድም ጎል ሳይገባበት ወጣ። አዳነ ግርማ አገባና 1 ለ 1 ተለያየን። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ የተወራው ስለ አዳነ ጎልና ስለ ጀማል ቀይ ካርድ ነው። ዘሪሁንን ያነሳው ሰው አልነበረም።

ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ በናይጄሪያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ቅያሪ ስላለቀ አማካዩ አዲስ ህንጻ ጓንት አጥልቆ በር ላይ ቆመ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የእኛ ሜዳ ጥያቄ ቴሌቪዥን ላይ መጥታ አየኋት። በረኛ ማን ይሁን?

ከዚያ ወዲህ ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሶፍትዌር ጻፊ ሆኛለሁ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። በ2014 ዓ.ም. ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ የልጅነት ጓደኛዬ ያዘኝ። አስተማሪ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በነጻ የታዳጊዎች ፕሮጀክት ያሰለጥናል። ደብረ ማርቆስ ላይ ምልመላ አለ፣ በረኛ መላክ የሚችለው አንድ ብቻ ነው፣ ያሉት ግን ሁለት ናቸው። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ቁጥሩን ሥራልንና ሰው ሳይቀየም እንገላገል» አለኝ።

እኔም ደስ አለኝ። ዕውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ኤክሴል ከፈትኩ። ቁመት፣ ወደ ላይ የመዝለል አቅም፣ የ20 ሜትር ሩጫ፣ በስምንት የእርስ በርስ ጨዋታ የገባበት ጎል፣ ያዳነው ፔናሊቲ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰጠሁ፣ ደመርኩ። ረጅሙ ልጅ 71 አገኘ፣ አጭሩ 58። ወረቀቱን አትሜ ለጓደኛዬ ሰጠሁት፤ እሱ ደግሞ «ግልጽነት እንዲኖር» ብሎ የመጋዘኑ በር ላይ ለጠፈው። ረጅሙ ሄደ። አጭሩ በማግስቱ ሜዳ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም።

ረጅሙም አልቀናውም። ምልመላው ላይ ለእያንዳንዱ በረኛ የተሰጠው አሥር ደቂቃ ነበር አሉ። በአሥር ደቂቃ ሁለት ገባበት፣ ተመለሰ። ያቺ ወረቀት ሁለት ልጅ ጎዳች፣ ማንንም አልጠቀመችም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ጓደኛዬ በስልኩ የቀረጻቸውን ጨዋታዎች በቴሌግራም አስላክሁና ማታ ማታ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ያየሁት ስህተት የሚያሳፍር ነው። አጭሩ ሁልጊዜ የሚቆመው ለጀማሪዎቹ ቡድን ነበር። ከፊቱ ያሉት ተከላካዮች ኳስ ሲመጣ የሚሸሹ ልጆች ናቸው። እኔ የገባበትን ጎል ቆጠርኩ እንጂ የተመታበትን ኳስ አልቆጠርኩም። ሥራ ቦታ አንድ ሰው ስንት ጥያቄ እንደመጣ ሳይመዘግብ «ሰርቨሩ አሥር ጊዜ ወደቀ» ብሎ ሪፖርት ቢያመጣልኝ ሳቅ ነበር የምስቅበት። ስቆጥር አጭሩ ላይ የተመታው ኳስ የረጅሙ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ሁለተኛው ስህተት ረቀቅ ይላል። ረጅሙ ይወረወራል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ አቧራ እያስነሳ፤ ዳር ያለው ሁሉ ያጨበጭባል። አጭሩ አይወረወርም። ኳሱ ደረቱ ላይ ይመጣል። መጀመሪያ «ዕድለኛ ነው» አልኩ። ሦስተኛው ቪዲዮ ላይ ግን ገባኝ፤ ኳሱ ሳይመታ ነው ቦታው ላይ የሚገኘው።

ይህ ሂሳብ አለው። የጎል ስፋት 7.32 ሜትር ነው። አጥቂው በ16 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ቢቆምና በረኛው መስመሩ ላይ ቢቀር፣ መሸፈን ያለበት ሙሉውን 7.32 ነው። አራት ሜትር ወደፊት ቢወጣ ግን ኳሱ እሱ ጋ ሲደርስ የሚያልፍበት ስፋት ወደ 5.5 ሜትር ይጠባል። በአራት እርምጃ ጎሉን በሩብ አሳነሰው ማለት ነው። ዋጋውም አለ፤ ከበዛ በአናቱ ላይ ከፍ አድርገው ያስገቡበታል። ስንት ልውጣ፣ መቼ ልውጣ የሚለው ነው እንግዲህ ዋናው ሙያ። ያንን ልጅ ይህን ያስተማረው የለም። ራሱ ነው ያገኘው። እኔ ደግሞ ለዚያ ዐምድ አልነበረኝም።

ጭብጨባው የሚያሞኘው እኛን ብቻ አይደለም። የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 286 ፔናሊቲዎችን አይተዋል፤ የታላላቅ ሊጎች በረኞች ናቸው። ከተመቱት 28.7 በመቶው ወደ መሀል ነው፤ መሀል ላይ ቆመው የጠበቁት በረኞች ግን 6.3 በመቶ ብቻ ናቸው። የቆሙት ከሦስት አንዱን ሲያድኑ፣ የተወረወሩት ከመቶ 15 እንኳ አላዳኑም። ለምን ታዲያ ይወረወራሉ? ተወርውሮ ቢገባበት «ሞክሯል» ይባላል፤ ቆሞ ቢገባበት «እንጨት» ይባላል። በረኛ የሚወረወረው ለኳሱ ብቻ ሳይሆን ለሚያየው ሰውም ጭምር ነው።

ሌሎች በረኛ እንዴት ይመርጣሉ ብዬ ስፈልግ የደረስኩት የማላስበው ቦታ ነው፤ የበረዶ ሆኪ። በረዶ ላይ በጫማ ስለት እየተንሸራተቱ ትንሽ ጠፍጣፋ ጎማ በዱላ የሚመቱበት ጨዋታ። ውርጭ እንጂ የበረዶ ሜዳ የማናውቅ ሰዎች ምን አገናኘን? የሚያገናኘን በረኛው ነው። እዚያም ጨዋታውን የሚወስን እሱ ነው፤ እዚያም ወጣት ሳለ ማንነቱን መገመት ያቃታቸው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሰሜን አሜሪካ ሊግ ክለቦች ወጣቶችን ሲመርጡ ከሁሉም ተጫዋች አንደኛ ሆኖ የተመረጠው ሪክ ዲፒየትሮ የሚባል በረኛ ነበር። በዚያው ምርጫ 205ኛ ላይ ሄንሪክ ሉንድቅቪስት የሚባል ስዊድናዊ በረኛ ተወሰደ። ዲፒየትሮ የ15 ዓመት ውል ፈረመ፣ ጉዳት ሰበረው፣ በ2013 ክለቡ ውሉን ከፍሎ አሰናበተው። 205ኛው በ2012 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ፣ በ2023 ደግሞ ስሙ የስፖርቱ የክብር አዳራሽ ውስጥ ገባ። መልማይ፣ ቪዲዮ፣ ሐኪም፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ እንዲህ የሳቱት። እኔ በአንድ ኤክሴል!

ያው ስፖርት ስለ ዕድሜም ነግሮኛል። ካናዳዊው ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቹ በ1985 እንዳሳዩት፣ ለከፍተኛ ሆኪ የሚመረጡት ልጆች ብዙዎቹ የተወለዱት በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ነው። ዕድሜ የሚቆረጠው በጃንዋሪ አንድ ስለሆነ፣ በዚያ ወር የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ይበልጠዋል። ትልቁ «ጎበዝ» ይባላል፣ የተሻለ ሥልጠና ያገኛል፣ ከዚያ በእውነት ጎበዝ ይሆናል። የእኛ ልጆች የልደት ቀን ብዙውን ጊዜ «ለመስቀል ሰሞን»፣ «ሰኔ ሚካኤል ማግስት» ነው። ረጅሙ ረጅም የሆነው ምናልባት ቀድሞ ስለተወለደ ብቻ ነው።

አሰልጣኝ ሲኖር ምን እንደሚለወጥም አየሁ። ካናዳዊው ፍራንስዋ አሌር የበረኛ አሰልጣኝ ነው፤ ሥራው ይኸው ብቻ። ከእሱ ጋር የሠራው ፓትሪክ ሯ በ1986፣ በ20 ዓመቱ፣ ዋንጫ አነሳ። ትምህርቱ በአጭሩ፦ አትደንግጥ፣ ቦታህን ያዝ፣ ጉልበትህን መሬት አስነክተህ የታችኛውን በር ዝጋ፣ ይምታህ። ቅልጥፍና ሲደመር ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን ቦታ። አጭሩ ልጅ ደብረ ኤልያስ ሜዳ ላይ ብቻውን ያገኘው ነገር፣ ሌላ ዓለም ላይ በደመወዝ የሚማሩት ነው።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ አወራሁለት። ኳስ አይወድም። በወጣትነቱ ግን እዚያው ደብረ ኤልያስ ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ ለምኖ እየበላ። ሳቀብኝና እንዲህ አለኝ፦ «እኛ ጉባኤ ቃና ቆጥረን ለየኔታ ስንነግር፣ ሁለት ቤት እኮ ናት፣ ያቺኑ ያፈርሷታል። ጓደኛ ሁሉ እየሰማ። የኔታ ያን ቀን አይፈርዱብህም። ነገ ትመጣለህ ወይስ ትቀራለህ? ከመጣህስ ትናንት ያረሙህን ይዘህ ነው የመጣኸው? እሱን ነው የሚያዩ።»

ለካ በረኛ የሚታየው እዚያ ጋ ነው። ጎል በገባበት ደቂቃ ሳይሆን ቀጥሎ ባለው ኳስ። ዘሪሁን ታደለ ያን ምሽት ያሳየን እሱን ነበር፤ እኛ ግን ለመሳደብ ተጣድፈን አላየነውም።

በ2015 ፋሲካ ስመለስ ከአዲስ አበባ ሁለት ጓንት ይዤ ሄድኩ። ጓደኛዬ አሁን በደብተር ነው የሚመዘግበው፤ የተመታ ኳስ፣ ከየት እንደተመታ፣ ጎል ከገባ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ኳስ። ሁለቱም ቡድን በየሳምንቱ በረኛ ይለዋወጣሉ። ረጅሙ አለ፣ መቆም እየተማረ ነው።

አጭሩን እናቱ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ትንሽ ረዝሟል። ለወራት ከቀረ በኋላ ወደ ሜዳ ተመልሶ ነበር፤ በረኛ ግን አይሆንም፣ መሀል ነው የሚጫወተው። ቪዲዮውን በስልኬ አሳየሁት፤ የት እንደቆመ፣ ኳሱ የት እንደመጣ፣ እኔ ምን እንደሳትኩ። ይቅርታ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ጓንቱን ግን አልነካውም።

ልወጣ ስል ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ያኔ ስንት ነበር የሰጡኝ?»

ወረቀቱ በር ላይ ሲለጠፍ አይቶታል፤ ያውቃል። ቢሆንም መለስኩለት። «ሃምሳ ስምንት።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

ዝም ብሎ አሰበ። «ማለፊያው ሃምሳ አይደል እንዴ?» አለ።

መልስ አልነበረኝም። ጓንቱን ባንኮኒው ላይ ትቼው ወጣሁ። እስከዛሬ ያደርገው አያድርገው አልጠየቅኩም።